ከ10 ስንት?

የንግግር ክህሎት ሥልጠና ባለበት ሁሉ አንዲት ወረቀት አትጠፋም። በመጀመሪያው ቀን ትታደላለች፤ «ሕዝብ ፊት ስትቆም በራስ መተማመንህ ከ10 ስንት ነው?» ትላለች። በመጨረሻው ቀን ያቺው ወረቀት ተመልሳ ትመጣለች። 3 ብሎ የነበረው 8 ይጽፋል፣ ሰርተፊኬቱን ይቀበላል፣ ይጨበጨብለታል፣ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። አሠልጣኙ ለሪፖርቱ የሚሆን ቁጥር አገኘ፤ ሰልጣኙም «ተለወጥኩ» አለ። ሰውየው ምን ተናገረ? የሰማውስ ምን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ? ይህን የሚጠይቅ መስመር ወረቀቷ ላይ የለም።

ቁጥሯ የምትለካው ፍርሃትን ነው፤ እሱንም ቢሆን ባለቤቱ ስለ ፍርሃቱ የሚገምተውን ነው። ይህ ግምት ደግሞ አይታመንም። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ተናጋሪዎች ጭንቀታቸው ለአድማጭ በግልጽ የሚታይ ይመስላቸዋል፤ አድማጩ ግን የሚያየው እነሱ ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ልቡ እየደለቀ ጥሩ የተናገረ አለ፤ ዘና ብሎ ግማሽ ሰዓት ምንም ያላለም አለ። እንዲያውም የምር የተማረ ሰው በመጨረሻው ቀን ለራሱ የሚሰጠው ነጥብ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ጥሩ ንግግር ምን እንደሆነ ገና አሁን ገባውና። ወረቀቷ እሱን «አልተሻሻለም» ብላ ትመዘግበዋለች።

ኢሉባቦር ውስጥ ባለችው መቱ ከተማ ሌላ ጣጣ ይጨመራል፤ ቋንቋ። እዚህ ያደገ ልጅ ቤትና ገበያ በአፋን ኦሮሞ ይውላል፤ ከሌላ አካባቢ ከመጣ ጎረቤት ወይም የዶርም ጓደኛ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ ፕረዘንቴሽኑን በእንግሊዝኛ ያቀርባል። እንግሊዝኛው ሲፈታለት «ንግግር ቻልኩ» ይላል። የተሻሻለው ግን እንግሊዝኛው ሊሆን ይችላል። ያንኑ ጉዳይ ለእናቱ የቡና ጎረቤቶች በአፋን ኦሮሞ አስረድቶ «ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?» የሚሉት ከሆነ ችግሩ ቃላት ማጣት አልነበረም።

የነጥብ አሰጣጡንም ልብ በሉ። የዓይን ግንኙነት፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ የሰዓት አጠቃቀም፣ በራስ መተማመን እየተባለ ይደረደራል። ሽማግሌ ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ አክብሮት መሆኑን እየተማረ ያደገ ልጅ፣ አዳራሹ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ስለተቀመጡ ቀና ብሎ ባያፈጥባቸው ነጥብ ይቀነስበታል። (ስላይዱን ቃል በቃል ያነበበው ግን ሰዓቱን ስላከበረ ሙሉ ያገኛል።)

አሁን ከአዳራሹ እንውጣና ንግግር ሥራ ወደሚሠራበት ቦታ እንሂድ። ኢሉባቦር የቡና አገር ነው። የልማት ሠራተኛው ገበሬውን ሰብስቦ «ቀዩን ብቻ ልቀሙ፣ ከአረንጓዴው ጋር አትግፈፉ፤ መሬት ላይ አታስጡ፣ አልጋ ላይ አስጡ» ይላል። ይጨበጨባል። ማጨብጨብ የስብሰባ ወግ ነው፤ ስብሰባው ማለቁን እንጂ ነገሩ መግባቱን አይነግርም። ታዲያ ይህ ሠራተኛ በዓመቱ ንግግሬ ተሻሽሏል ወይ ብሎ ቢጠይቅ በምን ይለካው?

«በውጤቱ» የሚል አይጠፋም፤ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቀይ ቡና ቆጥሮ ማለት ነው። ይሄም ያስታል። ገበሬው ነገሩ ገብቶትም አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ሊገፍ ይችላል፤ ጦጣና ሌባ አይጠብቁትም፣ የልጆች ደብተር መግዣ አሁን ነው የሚፈለገው፣ እየተመላለሱ መልቀም ጉልበት ይጠይቃል። የሚታመነው ፈተና ከዚህ መለስ ያለ ነው። በሳምንቱ ከገበሬዎቹ አንዱን አግኝቶ «ያን ቀን ምን ነበር ያልኩት? ለምንስ ነው ያልኩት?» ብሎ መጠየቅ። ገበሬው ምክንያቱን አስተካክሎ ደግሞ «ግን አያዋጣኝም» ካለ ንግግሩ ሠርቷል። «ስለ ቡና ጥሩ ነገር ነገርከን» ካለ ግን አልሠራም፤ በዚያ ዓመት ቀይ ቡና ቢለቅም እንኳ።

ውጤት ብቻውን ዳኛ እንደማይሆን የዚህ አገር ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ስለ ጣሊያን ወረራ ለመክሰስ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ረበሹ። በዚያን ጊዜ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጎሬ የተረፈው የኢትዮጵያ መንግሥት ተቀምጦ ነበር። ከንግግሩ በኋላ በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ጭራሽ ተነሣ፤ ጎሬም በኅዳር 1929 በጠላት እጅ ወደቀች። በውጤት ከለካነው ንግግሩ ዜሮ ነው። ሆኖም በዚያ አዳራሽ የተቀመጠ መልእክተኛ ሁሉ የተባለውን አውቆ፣ አልሰማሁም ማለት ሳይችል ነው የወጣው። ፉጨቱም ሆነ የማዕቀቡ መነሣት ይህን አይለኩትም።

ንግግርን የራስን ስሜት ትቶ መመዘን አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በኦሮሞ ሽማግሌዎች እርቅ በጃርሱማም ሆነ በሌላው ሽምግልና አንዱ ወገን ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ተራው ሲደርስ የሚያነሣው የመጀመሪያው ያለውን ነው፤ ጭብጥ ያልነበረው ንግግር እዚያው ይጋለጣል። የቅኔ ተማሪም ቅኔውን ለየኔታ ይነግራል፤ የሚያርመው እሳቸው ናቸው፤ ተማሪውን ስለ ልቡ ምት የሚጠይቀው የለም። ራልፍ ስሜድሊ በ1924 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የመሠረተው ቶስትማስተርስ የተባለው የንግግር ክበብ እንኳ ለተናጋሪው ገምጋሚ ይመድብለታል፤ «እ... እ...» ያለበትንም ሌላ ሰው ይቆጥርለታል። ከፈረንጅ ተቀዳ የምንለው ሥልጠና ከፈረንጁ የወሰደው ፎቶውንና ሰርተፊኬቱን ነው፤ ሚዛኑን እዚያው ትቶታል።

ብቻውን የሚለማመድ ሰውስ? በስልክ ይቅረጽ፤ ግን ቪዲዮውን አይመልከት፤ ሲያየው የሚያስጨንቀው ሸሚዙና እጁ ነው። ድምፁን ብቻ ሰምቶ ሦስት ደቂቃውን ቃል በቃል ወረቀት ላይ ይገልብጠው። ሳያልቅ የተተወውን ዓረፍተ ነገር፣ በ«ማለት ነው» ወይም በአፋን ኦሮሞ አቻው በ«ጄቹዻ» የተሞላውን ባዶ ቦታ በዓይኑ ያየዋል። ከወር በኋላ ሌላ ሦስት ደቂቃ ገልብጦ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጥ።

ሥልጠና አዘጋጆች ቁጥር የግድ ካስፈለጋቸውም መንገድ አለ። ከአድማጮቹ ለሦስቱ ከሳምንት በኋላ ይደውሉላቸውና የሚሉትን እንዳለ ሪፖርቱ ላይ ያስፍሩት። ሦስቱም «ጎበዝ ነው፣ አይፈራም» ብቻ ካሉ፣ ሰርተፊኬቱ ይቆይና ልጁ እንደገና ይናገር።