በላ ልበልሃ፦ ዳሽቦርዱን ስክሪፕት ይሥራው ወይስ ጤና ጣቢያው?

ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ዲኤችአይኤስ-2 የተባለውን ሶፍትዌር ለአገሪቱ የጤና መረጃ ሥርዓት ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ ሪፖርቱ በአንድ ቋት ይሰበሰባል። የተሰበሰበውን ቁጥር የሚያሳየውን ዳሽቦርድ ግን ማን ይሥራው? የዞን ፕሮግራመር በኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር በሚነጋገርበት በር) ለሁሉም በአንድ ጊዜ ያውርደው ወይስ እያንዳንዱ ወረዳና ጤና ጣቢያ የራሱን ያዘጋጅ? ሁለት ጸሐፊዎች የምዕራብ ጎጃምን ወባ ይዘው ተሟግተዋል።

ከፍኖተ ሰላም

የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው በፈረንጆቹ 2024 ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። ይህ ቁጥር አዲስ አበባ ሲደርስ ሚሊዮን ሆነ እንጂ ሲነሣ የአንድ ቀበሌ የአንድ ሳምንት ቁጥር ነበር። ጃቢ ጠህናን ውስጥ አንድ ጤና ኬላ አለ እንበል፤ ባለፈው ሳምንት 9 ሰው አክሞ በዚህ ሳምንት 31 አከመ። ይህን በሦስተኛው ቀን ያየ ወረዳና በሦስተኛው ሳምንት ያየ ወረዳ የሚገጥማቸው ነገር አንድ አይደለም።

የወባ ማንቂያ ጣራ አወጣጡ ለመናገር ቀላል ነው። ያለፉትን 5 ዓመታት የዚያኑ ሳምንት ቁጥሮች ከትልቅ ወደ ትንሽ ትደረድራለህ፤ ከላይ ሁለተኛው ጣራህ ነው። የዘንድሮው ካለፈው ትነሣለህ። አሠራሩ ላይ ግን ለአንድ ጤና ኬላ 52 ሳምንት በ5 ዓመት 260 ቁጥር መመልከት ይጠይቃል፤ ለ20 ጤና ኬላ 5,200። ይህን በየዓመቱ በእጁ አስልቶ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ግራፍ በመዳፊት እየጫነ የሚሠራ ባለሙያ ካለ ስሙን ንገሩኝና እጅ ልንሣ።

ኤፒአይ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ዲኤችአይኤስ-2ን በብራውዘር ከፍተን የምንነካካው ገጽ ከጀርባው የሚያነጋግረው የዌብ ኤፒአዩን ነው፤ ስክሪፕት ደግሞ ያንኑ በር ያለ መዳፊት ያንኳኳል። መጀመሪያ የአናሊቲክስ ክፍሉን ጠይቆ የ5 ዓመቱን ሳምንታዊ ቁጥር በጄሰን ይቀበላል። ጣራውን ያሰላና ራሱን የቻለ ዳታ ኤለመንት አድርጎ መልሶ ያስገባዋል። ቀጥሎ ለየጤና ኬላው ባለ ሁለት መስመር ግራፍ ይፈጥራል፤ አንዱ መስመር የዘንድሮ፣ ሌላው ጣራው። እያንዳንዱ ግራፍ 11 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ አለው፤ ዳሽቦርዱ የእነዚህ መለያዎች ዝርዝር ነው፤ የትኛው ከየት እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚሰፋና እንደሚረዝም ተጽፎበት። ጥርጣሬ ካለህ ፋይሉን ለምርመራ ብቻ መላክ ትችላለህ፤ ሰርቨሩ አንድም ነገር ሳይመዘግብ ስሕተትህን ዘርዝሮ ይመልስልሃል።

ሌላም አለ። ሰሜን ጎጃም ዞን ከእኛ ሲለይ የዞናችን የወረዳ ዝርዝር ተለወጠ። ቦታው አንድ በአንድ በእጅ የተመረጠበት ግራፍ እንዲህ ዓይነት ለውጥ በመጣ ቁጥር እየተከፈተ መታረም አለበት። ስክሪፕት ዝርዝሩን ከሥርዓቱ አንብቦ እንደገና ይሠራዋል፤ እኔም ሻይ እጠጣለሁ።

ከቡሬ

ወንድም ዓለም፣ ሒሳብህ ልክ ነው። የረታኸው ግን ማንም ያልተከራከረህን ነው። ቁጥር በመደርደር ማሽን ከሰው እንደሚበልጥ ማን ካደ?

ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የወባ ቻርት ታውቀዋለህ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሰኞ ጠዋት መዝገቧን ትቆጥርና ያለፈውን ሳምንት ነጥብ በእስክሪብቶ ታኖራለች፤ በማስመሪያ ከበፊተኛው ጋር ታገናኘዋለች። መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ ቀድማ የምታየው እሷ ናት፤ ለማየትም መብራት፣ ኔትወርክና የይለፍ ቃል አላስፈለጋትም። ነጥቡን ስታኖር ደግሞ ሰዎቹ ትዝ ይሏታል። ለአጨዳ ቆላ ወርደው የተመለሱ ጎረምሶች ናቸው ወይስ ከደጃፍ ያልራቁ ሕፃናት? ወባው ከውጭ የመጣ ወይም እዚያው መንደር ውስጥ የሚዛመት መሆኑን የምትጠረጥረው ከዚህ ተነሥታ ነው። የአንተ ግራፍ ሁለቱንም 31 ብሎ ያልፋቸዋል። ያውም ወዲያው አይደለም፤ ቁጥሩ ቢገባም የአናሊቲክስ ሰንጠረዡ እስኪታደስ ድረስ ግራፉ ላይ አይወጣም።

አሁን ወደ ጣራህ ልምጣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦብን ከርሟል። በዚያ ጊዜ የጎደለው ሪፖርት ስክሪፕትህ ዘንድ ምን ተብሎ ይነበባል፣ ባዶ ወይስ ዜሮ? ከአምስቱ ዓመታት የሁለቱ ጠፍቶ በዜሮ ቢተካ፣ «ከላይ ሁለተኛው» የምትለው የቀሩት ሦስቱ መካከለኛ ይሆናል። ጣራው ወርዶ በየሳምንቱ ቀይ ይበራል፤ ሰውም ሦስት ጊዜ በከንቱ ከሮጠ በኋላ አራተኛውን አይሰማም። ሁለት ክፉ ዓመት ተከታትሎ ከገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጣራው ራሱ ወረርሽኙን ያህል ከፍ ይልና የሚቀጥለው ወረርሽኝ ከሥሩ ተደብቆ ያልፋል። በእጇ የምታሰላ ባለሙያ «ያን ዓመት እኮ መንገድ ተዘግቶ ነበር» ብላ ትዘለዋለች። የእሷ ስሕተት ቢኖር የአንድ ጤና ኬላ ነው፤ የአንተ ግን በአንድ ሌሊት ከደምበጫ እስከ ወንበርማ ያዳርሳል።

ደግሞስ ይህ ሁሉ ዳሽቦርድ ለምን? ዲኤችአይኤስ-2 ላይ ግራፍ ስትሠራ ከቦታ ዝርዝሩ አጠገብ «የተጠቃሚው ተቋም» የሚል ምርጫ አለ። እሱን ከመረጥህ አንዱ ግራፍ ለሰከላ ሰው ሰከላን፣ ለቋሪት ሰው ቋሪትን ያሳያል። ወረዳ ሲጨመርም ሲቀነስም የሚታረም ነገር የለም። አንድ ዳሽቦርድ የሚበቃበት ቦታ መቶ መፍጠር ማንም የማይከፍተው ክምር ማበጀት ነው።

የአፈጻጸም ክትትል ቡድን የሚባለውን ደግሞ አንተም ተቀምጠህበታል። ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለው ሪፖርት ሲዘጋ ቡድኑ ተሰብስቦ ቁጥሩን መመርመር አለበት። ግራፉን ራሱ የሠራ ቡድን «ይህ ለምን ወረደ? መዝገቡን አምጡ» ይላል። ከዞን የወረደለት ግን ስክሪን ሾት አንሥቶ ከቃለ ጉባኤው ጋር ያያይዛል። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ ይቅር።

ከፍኖተ ሰላም፣ ምላሽ

ጋሼ፣ «የተጠቃሚው ተቋም» ያሉትን ለፔንታ 3 ክትባትና ለቅድመ ወሊድ ክትትል እቀበላለሁ። ጤና ጣቢያ ላይ ለተቀመጠ ሰው ለወባም ይሠራል። ዞን ላይ ለተቀመጠው ግን ተቋሙ ዞኑ ነው፤ ያ ምርጫ የሚያሳየው ድምሩን ነው። ድምር ደግሞ ይሸፍናል። ሌላው ሁሉ ረግቦ አንድ ቀበሌ ቢነድ የዞኑ መስመር ንቅንቅ አይልም። ለዞኑ የሚያስፈልገው የየቀበሌው ትናንሽ ግራፍ ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ጣራውን ያለፈው ከላይ ሲመጣ ነው። ይህን በእጅ ሠርቶ በየሳምንቱ ቦታ የሚያቀያይር ሰው የለም።

በእጅ የሚሠራ ሰው ደግሞ ግራፍ የሚሠራው አስቀድሞ ለጠረጠረው ቦታ ነው። ለቆላው ይሠራል፤ ለደጋው «እዚያ ወባ ምን አላት» ይላል። በ1950 እና 1951 ዓ.ም. በአገራችን የተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል፤ የበረታውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነበር፤ ሕዝቡ ወባን ባልለመደበት፣ ሰውነቱም በማይቋቋምበት። ስክሪፕት ቦታ አይመርጥም፤ ዝም ላለው ቀበሌም ይሠራል።

ባዶና ዜሮን በተመለከተ ሥርዓቱ ሪፖርት የላከና ያልላከ ለይቶ ያውቃል፤ ኤፒአዩም ሲጠየቅ ይናገራል። ሪፖርቱ የጎደለበት ዓመት ከስሌቱ ይውጣ፤ የቀረው ከአራት ዓመት ካነሰ ግራፉ ላይ ጣራ አይሰመር፣ «በቂ መረጃ የለም» ተብሎ ይጻፍ። ይህን ደንብ ኮዱ ውስጥ እርስዎም አይተው መሞገት ይችላሉ። ባለሙያዋ በልቧ ይዛ የዘለለችውን ዓመት ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ወደ ሌላ ጤና ኬላ ስትዛወር ይዛው ትሄዳለች።

ከቡሬ፣ የመልስ መልስ

ድምር ይሸፍናል ያልኸውን ወስጃለሁ። የደጋውንም እንዲሁ፤ ደጋ ዳሞት ላይ ያለ ጤና ኬላ ግራፍ ባይኖረው ማንም ትዝ አይለውም ነበር። መዛወር ካነሣህ ግን ወደ አንተም ይዞራል። እንዲህ ያለውን ኮድ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የፕሮጀክት ቅጥር ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ የፕሮጀክት ወንበር እንዴት በአንድ ሳምንት ባዶ እንደሚሆን ሁላችንም አየን። ስክሪፕቱ ፍላሽ ላይ፣ ፍላሹ ኪስ ውስጥ፣ ኪሱ አዲስ አበባ።

ሶፍትዌሩም አይቆምልህም። በኤፒአዩ ውስጥ ቻርትስና ሪፖርት ቴብልስ ተብለው ለየብቻ የነበሩት ኋላ ቪዥዋላይዜሽንስ በሚል ተጠቃለዋል፤ የዱሮውን አድራሻ የሚጠራ ኮድ አዲሱ ሥሪት ላይ መልስ አያገኝም። የማጋሪያ ፈቃዱም አለ፤ ማን ያንብብ ማን ያርም የምትለዋ ስምንት ምልክት ያላት ጽሑፍ። በአግባቡ ካልተሞላች መቶውም ዳሽቦርድ ለፈጠራቸው ሰው ብቻ ሊታዩ ይችላሉ፤ ከልክ በላይ ከተከፈተች ደግሞ አላፊ አግዳሚው ያርማቸዋል። የይለፍ ቃሉን ፋይል ውስጥ ጽፎ መተውም አይሆንም፤ ከሥሪት 2.38 ወዲህ ጊዜው የሚያልቅና ከተወሰነ ኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ የግል ቶክን ማውጣት ይቻላል።

እንግዲህ ስክሪፕትህን በቡሬ ዙሪያ መሞከር ከፈለግህ ከመስከረም በፊት ጀምር፤ አልከለክልህም። የግድግዳው ቻርት እንዳለ ይቆያል፤ ሁለቱ ሲለያዩ መዝገቡ ይቆጠራል። ቶክኑ ግን በአንተ ስም አይውጣ፤ በዞኑ ጤና መምሪያ ስም ወጥቶ መቼ እንደሚያበቃና ማን እንደሚያድሰው በደብዳቤ ይገለጽልን። ኮዱንም እዚህ ላሉት የጤና መረጃ (ኤችአይቲ) ባለሙያዎች መስመር በመስመር አስነብባቸው። አንዷ ያለ አንተ እርዳታ አስነሥታ አንድ ዳሽቦርድ ስትሠራ ካየሁ እፈርማለሁ።