«ይሆናል» ማስረጃ አይሆንም

«ሰርጉ እሑድ ይሆናል» ስንል ነገሩ ቁርጥ ነው፤ «መጥቶ ይሆናል» ስንል ግን ግምት ነው። እኔ ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምኖርባት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት ያለባት ከተማ ናት። እዚያ ይግባኝ ቦርዱ ፊት ከሚያከራክሩት ነገሮች አንዱ ይኸው በቁርጥና በግምት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አመልካቹ አዲስ ነገር ሠራሁ ይላል። መርማሪው የቆየ ሰነድ አውጥቶ «ቀድሞ ተሠርቷል» ይለዋል። ሰነዱ አንዷን ነጥብ በግልጽ ሳይጽፋት ሲቀር «በውስጠ ታዋቂ አለች» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ በተራ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም ሜሞሪ እንደሚጠቀም መጻፍ አያስፈልግም። ግን ሰነዱ «ስልኩ ፎቶውን ከሰርቨር ያመጣል» ብቻ ቢል፣ አመልካቹ ደግሞ «የመጣውን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ሁለተኛ ጊዜ ከዚያው ያወጣል» ቢልስ? ብዙ ፕሮግራሞች እንዲያ ያደርጋሉ። ግን ፎቶው በተፈለገ ቁጥር ሰርቨሩን የሚጠይቅም አለ።

ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር የግድ ሁልጊዜ እንደማይሆን የተማርኩት ከሕግ መጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት የትኬት መሸጫ ፕሮግራም ስጽፍ፣ ክፍያው የሚያልፈው ወንበሩ ከተመዘገበ በኋላ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ላፕቶፔ ላይ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ አንዴም አልተዛነፈ። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን 14 ቁጥር ወንበር ለሁለት ሰው ተሸጠ። ሌሊቱን ሎጉን መስመር በመስመር ሳነብ ሁለቱ ክፍያዎች ተከታትለው፣ ምዝገባው ከኋላቸው ተቀምጦ አገኘሁት። ቅደም ተከተሉን የሚያስገድድ አንድም መስመር ኮድ አልነበረም። እስከዚያ ቀን የተስተካከለው በአጋጣሚ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 በኦልሪክ ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ ውስጠ ታዋቂነት በ«ሊሆን ይችላል» አይረጋገጥም ብሏል። በ1999 የተወሰነው የሮበርትሰን ጉዳይ ደግሞ የተነሳው በዳይፐር ነበር፤ ያገለገለውን ጠቅልሎ ለመጣል የሚረዳ ሦስተኛ ማያያዣ። ቦርዱ በቀድሞው ዳይፐር ላይ ያሉት ማያያዣዎች ለዚህም ሊያገለግሉ ይችላሉ ብሎ ፓተንቱን ከልክሎ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው።

የማይገባ ፓተንት እኛን ፕሮግራመሮችንም ያንቃል፤ መርማሪዎች እንዲጠነክሩ እፈልጋለሁ። ፎቶውን ማስቀመጥ ለማንኛውም ባለሙያ ግልጽ እርምጃ ነው የሚሉ ከሆነ፣ ለዚያ የተለየ የሕግ መንገድ አለ፤ ምክንያታቸውን ጽፈው በዚያ ይምጡ። በውስጠ ታዋቂ አለ ሲሉ ግን ቦርዱ አንድ ነገር ይጠይቃቸው፦ ሰነዱ ያለውን ሁሉ እየፈጸመ፣ ያችን ነጥብ ግን የማይነካ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል? ከተቻለ ነጥቧ ሰነዱ ውስጥ አልነበረችም።