ከግቢው አጥር ውጭ ያሉ ቤተ መጻሕፍት

መጽሐፉ አንድ ነው፤ ፈላጊው ግን ብዙ። የጥናት ወረቀት እንዲያቀርብ የታዘዘ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በየጊዜው የሚገጥመው ችግር ይህ ነው። ቀድሞ የደረሰው መጽሐፉን ይወስዳል፤ የዘገየው «ወጥቷል» የሚል መልስ ይዞ ወደ ማደሪያው ይመለሳል። ካስተማርኋቸው ልጆች መካከል ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለዕረፍት ሲመጡ ይህንኑ የሚያማርሩልኝ ጥቂቶች አልነበሩም። «ልጄ፣ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ሄደህ ጠይቀሃል?» ስል ግን ብዙውን ጊዜ መልሱ ዝምታ ነበር።

እናንተም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእነርሱ ቦታ ትገኙ ይሆናልና አስተያየቴን ከወዲሁ ልግለጽላችሁ። በእኔ እምነት፣ የራሱን ግቢ ቤተ መጻሕፍት ብቻ አውቆ የሚመረቅ ተማሪ ትምህርቱን በግማሽ ትቶ ይወጣል።

አዲስ አበባን እንውሰድ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሕዝቡ «ወመዘክር» ይለዋል። (ሰዋስው ተማሪዎች ናችሁና ልብ በሉ፤ ሙሉ ስሙ «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበር። በግእዝ «ወ» ማለት «እና» ስለሆነ፣ አጥሮ ሲጠራ ስሙ በመስተጻምር ይጀምራል።) በአገር ውስጥ ከሚታተሙ መጻሕፍት ቅጂ እዚያ እንዲገባ ሕግ ስለሚያዝ፣ ከገበያ የጠፋውን መጽሐፍ በዚያ ለማግኘት ተስፋ አለ። የቆዩ ጋዜጦችም በዚያ ተጠብቀዋል። ስለ 1966ቱ አብዮት የሚጽፍ ተማሪ የታሪክ መጽሐፍ ቢያነብ የሚያገኘው ማጠቃለያውን ነው። በ1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረውን የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ገልጦ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በየካቲት 1966 በምን ማዕረግ ይጠሩ እንደነበረ፣ ከሥልጣን በወረዱበት በመስከረም 1967 ደግሞ በምን ቃል እንደተጻፈባቸው ቢያስተያይ ግን ማንም ያልነገረውን ነገር ራሱ ያገኛል።

በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። በዚያ የቀደሙ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናቶች ሳይቀሩ ይገኛሉ። በአራት ኪሎ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ይገኛል። በሌሎች ከተሞች የሚማሩትም በአካባቢያቸው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መኖሩን መጠየቅ ይገባቸዋል፤ ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቀው ክፍል ሌላ ቦታ የሌለ መጽሐፍ ሊኖረው ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሚሄዱት መካከል ብዙዎቹ የሚፈልጉት ወንበሩን ብቻ መሆኑ ነው። ደብተራቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ደብተራቸውን አንብበው ይወጣሉ፤ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ እንኳ አያነሡም። ጸጥታ መፈለግ ነውር አይደለም። ነገር ግን ምንጭ ዳር ተቀምጦ ከቤት ያመጡትን ውኃ ብቻ መጠጣት ምን ይባላል?

መግቢያው አንዳንድ ዝግጅት ይጠይቃል። የሕዝብ በሆነው ቤተ መጻሕፍት መታወቂያ ሊበቃ ይችላል። የሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም የተቋም ከሆነ ግን ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም እስኪያርፍበት ቀናት ስለሚያልፉ ወረቀቱ በታዘዘበት ዕለት ጠይቁ። ለውጭ አንባቢ መጽሐፍ ማዋስ የተለመደ አይደለምና የምትፈልጉትን ርእስና የደራሲውን ስም ጽፋችሁ ሂዱ፤ እዚያው አንብባችሁ ማስታወሻ ያዙ። ርእሱ ከጠፋችሁ ሠራተኛውን በትሕትና ጠይቁ፤ ከካታሎጉ ይልቅ እርሱ የሚያውቀው ይበዛል።

ኃላፊዎቹንም ሳልወቅስ አላልፍም። አንዱ ዩኒቨርሲቲ የሌላውን ተማሪ እንደ ባዕድ ከበር የሚመልስበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱም የሚተዳደሩት በአንድ ሕዝብ ገንዘብ ከሆነ፣ የተማሪነት መታወቂያው ለማንበብ ያህል በሁለቱም በር ሊያስገባ ይገባል።