ከኅዳር 12 በፊት፦ በደጅ እሳት ለማንደድ ፈቃድ የሚጠየቀው መቼ ነው?

ኅዳር 12 ቀን ሲቃረብ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ጥራጊ በየአጥሩ ሥር መከመር ይጀምራል። በዕለቱ ክምሩ ይለኮሳል፤ ሰፈር ከሰፈር የማይለይበት ጭስ ከተማውን ይሸፍነዋል። «ኅዳር ሲታጠን» በመባል የሚታወቀው ይህ ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ከልማዱ ጋር አብሮ የሚነሣ ጥያቄም አለ፦ በገዛ ግቢዬ፣ የገዛ ቤቴን ጥራጊ ለማቃጠል ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ? የሚያስፈልገኝ ከሆነስ የሚሰጠኝ ማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የሚቃጠለው ነገር ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚቃጠልና ጭሱ ወደ ማን እንደሚሄድ ሳይታወቅ አይሰጥም።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ማስታወስ ይገባል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ፈጀ። በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታምመው ነበር። ሕዝቡ ደዌውን «የኅዳር በሽታ» አለው። በሽታው የመጣው ከመጥፎ ሽታና ከተበላሸ አየር ነው የሚል እምነት ስለነበረ፣ ቆሻሻን ሰብስቦ ማቃጠልና አካባቢን ማጠን እንደ መከላከያ ተወሰደ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 በመሆኑ፣ በዚያን ዘመን የነበረ ሰው በነበረው ዕውቀት የሚችለውን አደረገ እንጂ አልተሳሳተም ለማለት ይቻላል። ከዚያ አሳብ ውስጥ ዛሬም የማይነቀፍ ቁም ነገር አለ፤ እርሱም በዓመት አንድ ቀን ሰፈር ሁሉ ወጥቶ ደጁን ማጽዳቱ ነው።

የተለወጠው ክምሩ ነው። የያኔው ጥራጊ ቅጠል፣ ገለባ፣ ጭራሮ፣ የከብት እበትና አመድ ነበር። የዛሬው ግን የፕላስቲክ ከረጢትና ጠርሙስ፣ የተቀደደ ጫማ፣ ስፖንጅ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ፣ አልፎ አልፎም የመኪና ጎማና ያገለገለ ባትሪ ይገኝበታል። በውስጡ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት ሲነድ ዳይኦክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ በጭሱ ተሸክሞ በሣርና በአፈር ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ሣሩን በምትግጥ ላም ወተት ውስጥ፣ አፈሩን በምትጭር ዶሮ እንቁላል ውስጥ ይጠራቀማል። ባትሪ የነደደበት አመድም እርሳስ ይተዋል፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ስለዚህ እሳቱ ቆሻሻውን ከዓይን ሰወረው እንጂ አላስወገደውም፤ ከደጃፍ ወስዶ በማዕድ ላይ አኖረው።

ከጭሱ ውስጥ ለጤና እጅግ አስጊ የሆኑት በዓይን የማይታዩት ብናኞች ናቸው። ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጡ ብናኞች ከአንድ ፀጉር ውፍረት ወደ ሠላሳ እጅ ያህል ያነሱ በመሆናቸው አፍንጫ ሊያግዳቸው አይችልም፤ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ዘልቀው ከዚያም ወደ ደም ይገባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ የእነዚህ ብናኞች መጠን በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም፣ በዓመት አማካይ ደግሞ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ይኸው ድርጅት በደጅ አየር ብክለት ምክንያት በ2019 እ.ኤ.አ. 4.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው እንደሞቱ ይገምታል። አስም ያለበት ሕፃን፣ የልብ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አረጋዊ ጉዳቱን ከሌላው ቀድመው ይቀበላሉ። እሳቱን ለኩሶ ወደ ቤቱ የሚገባው ሰው ግን ከእነዚህ መካከል ላይሆን ይችላል።

ኅዳር ለማቃጠል የተመረጠ ወር መሆኑ ደግሞ ጉዳቱን ያከብደዋል። ዝናቡ አቁሟል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በእንዲህ ያለ ሌሊት መሬት ፈጥኖ ስለሚበርድ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ወደ ላይ አይወጣም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችውና በሰሜን በእንጦጦ ሰንሰለት፣ በሌሎች አቅጣጫዎችም በተራሮች የተከበበችው አዲስ አበባ በዚህ ጊዜ ክዳን እንደተደፋበት ድስት ትሆናለች። አመሻሽ ላይ የተለኮሰ ጭስ እስከ ረፋድ ድረስ ከመንደሩ ላይ አይነሣም። በሐምሌ ዝናብ የሚታጠበው ጭስ በኅዳር የሚታጠብበት ነገር የለውም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ስለ አየር ብክለት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው የቅርብ ጊዜ አዋጆችን ነው። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይደነግጋል፤ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታና ድምፅ እንዳያደርስም በስም ጠቅሶ ይከለክላል። እንግዲህ «በገዛ ግቢዬ» የሚለው ክርክር ከስድሳ ዓመታት በፊት መልስ አግኝቷል፤ ግቢው የባለቤቱ ነው፤ ከአጥር አልፎ የሄደው ጭስ ግን የጎረቤት ጉዳይ ነው። ያው አንቀጽ ወሰኑ ሲለካ የአካባቢው ልማድ፣ የቦታው አቀማመጥና ጠባይ ከግምት እንዲገቡ ያዝዛል። ልማድን የሚጠቅስ ሰው ከዚህ ድጋፍ ያገኝ ይመስላል። ነገር ግን የአቀማመጡ ነገር ከላይ እንደተገለጸው ነው፤ ልማዱም ቢሆን የጎማና የፕላስቲክ ልማድ አልነበረም። ይህ የዚህ ጽሑፍ አስተያየት ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው።

ከዚህ በኋላ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው አወጀ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው አግባብ ያለውን የአካባቢ ደረጃ በመተላለፍ አካባቢን እንዳይበክል ከለከለ፤ የከተማ ቆሻሻ ተሰብስቦ፣ ተጓጉዞና እንደ አስፈላጊነቱ ታክሞ በደኅና ሁኔታ እንዲወገድ የማድረጉን ግዴታም በከተማ አስተዳደሮች ላይ ጣለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አካባቢን መበከልን በአንቀጽ 519 በወንጀልነት አስቀምጦታል።

ፈቃድ የሚለው ቃል በእነዚህ ሕጎች መካከል ሲነበብ ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል። ፈቃድ ማለት አንድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ ተመዝኖ የሚታለፍበት መንገድ ነው እንጂ ክልክል የሆነውን ብክለት የሚያጸድቅ ወረቀት አይደለም። ስለዚህ ፕላስቲክና ጎማ የተቀላቀለበትን የቤት ቆሻሻ በሰፈር መካከል ለማቃጠል «ፈቃድ አውጡልኝ» ብሎ መጠየቅ መነሻውን የሳተ ጥያቄ ነው፤ ቆሻሻው መሄድ ያለበት ወደ ሰብሳቢው ነው። ባትሪን፣ ያገለገለ የሞተር ዘይትንና ከሕክምና ተቋም የሚወጣ ቆሻሻን በመሰለ አደገኛ ቆሻሻ ረገድ ሕጉ ከዚህም የጠበቀ ነው፤ የአዋጅ 300 አንቀጽ 4 ከፌዴራሉ ወይም ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኙ አደገኛ ቆሻሻን ማከማቸትንም ሆነ ማጓጓዝን፣ ማከምንም ሆነ ማስወገድን ይከለክላል። ጋራዦችና ክሊኒኮች በጓሮ ጉድጓድ ውስጥ የሚያነዱት እሳት በዚህ አንቀጽ ሥር የሚታይ መሆኑን ባለቤቶቻቸው ልብ ሊሉት ይገባል።

ሌላ ዓይነት እሳትም አለ። ለመስቀል የሚደመረው ደመራና ለቡሄ የሚበራው ችቦ ከጥራጊ ቃጠሎ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ የሚነደው ደረቅ እንጨት ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው። ለእነዚህ ዋናው ጉዳይ ቦታውና ጥበቃው ነው፤ ደመራው ከኤሌክትሪክ መስመር፣ ከነዳጅ ማደያና ከተጠጋጉ ቤቶች እንዲርቅ አስተባባሪዎች ከወረዳው አስተዳደርና ከፖሊስ ጋር አስቀድመው መነጋገር ይገባቸዋል። ገበሬ የእርሻውን ቃርሚያ ወይም የመነጠረውን ቁጥቋጦ ሊያቃጥል ሲያስብ ደግሞ አስቀድሞ የቀበሌውን የግብርና ልማት ሠራተኛና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ያማክር፤ ቃርሚያው ለከብት መኖ ወይም ለብስባሽ ማዳበሪያ ሊውል የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። ማሳው ከደን ጋር የሚዋሰን ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣውን ቃጠሎ ለማጥፋት ከአካባቢው ሕዝብ ድካም ሌላ ከውጭ አገር የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣት አስፈልጎ እንደነበር አይዘነጋም።

ለእንዲህ ያለ ቃጠሎ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ ይመረጣል። ማመልከቻው የሚቃጠለውን ነገር ዓይነትና መጠን፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ነፋሱ ወደየት እንደሚነፍስና በዚያ በኩል ምን ያህል ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ እንዳለ፣ እሳቱን የሚጠብቀው ማን እንደሆነና ለማጥፊያ የተዘጋጀውን ውኃና አፈር ቢገልጽ ባለሙያው በቦታው ተገኝቶ ለመወሰን ያመቸዋል። የማመልከቻውን ቅጂ ቀንና ማኅተም አስደርጎ ማስቀረት አይረሳ። የቃል ፈቃድ ክርክር ሲነሣ አይገኝም።

ይህ ሁሉ ሲባል ሰው ቆሻሻ የሚያቃጥለው ሕግ ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ሰብሳቢዎች በሰዓቱ የማይደርሱበት፣ ገንዳው ሞልቶ የሚፈስስበት ሰፈር አለ፤ በዚያ የሚኖር ሰው ከጭሱና ከሽታው አንዱን እንዲመርጥ ተገድዷል። የማቃጠል ክልከላ የሚጸናው የመሰብሰብ ግዴታ ሲፈጸም መሆኑ ሊሸሸግ አይገባም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀውና የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክለው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ከክምሩ ውስጥ መርዘኛውን ክፍል ከምንጩ ሊቀንሰው ይችላል፤ ሆኖም ከረጢቱ ከገበያ እስኪጠፋና በየቤቱ ያለው ተሰብስቦ እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ኅዳር የሚሆነው መንገድ አጭር ነው፤ ሰፈሩ እንደ ልማዱ ወጥቶ ይጥረግ፤ ቅጠሉና የወጥ ቤት ተረፈ ምርቱ ለብስባሽ ጉድጓድ ይግባ፤ ፕላስቲኩና ብረቱ ለቆራሌው ወይም ለሰብሳቢ ማኅበሩ ይሰጥ፤ የቀረው በጆንያ ታስሮ ማኅበሩ በሚመጣበት ቀን ይውጣ። ማጠን የሚወድ ሰው በቤቱ ዕጣኑን ያጭስ።

በጎረቤት ጭስ የተቸገረ ሰው በመጀመሪያ ጎረቤቱን ቢያነጋግር ይሻላል፤ ብዙው ነገር እዚያ ያልቃል። ካላለቀ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ በግሉ ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል በማንኛውም ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። በአዲስ አበባ አቤቱታው ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በክልሎች ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። አቤቱታው ቃጠሎው የተደረገበትን ቀንና ሰዓት፣ ቦታውን፣ የተቃጠለውን ነገር፣ የሚገኝ ከሆነም ፎቶግራፍና የምስክሮች ስም ይያዝ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። ኅዳር 12 ቀን ስለተደረገ ቃጠሎ በማግስቱ አቤት ያለ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ውሳኔ እስከ ታኅሣሥ 13 ይጠብቃል ማለት ነው፤ አቤቱታውን ሲያስገባ የተቀባዩን ፊርማና ቀን መያዙ ጊዜው የሚቆጠረው ከዚያ በመሆኑ ነው።