የአስታማሚው ሌሊት

እናቴ ሆስፒታል በተኛችባቸው ሦስት ሳምንታት ጠያቂ አላጣንም። ብርቱካኑና ጁሱ ከኮመዲኖው አልፎ አልጋው ሥር ተደርድሮ ነበር። የመጣው ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» ይልና ትንሽ ተቀምጦ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ እኔን «አይዞህ፣ የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ደውል» ይለኛል። ከልባቸው እንደሚሉት አልጠራጠርም። ግን ለአንዳቸውም አልደወልኩም። እንቅልፍ ያጣ ሰው የጎደለውን አስቦ፣ ለማን እንደሚናገር መርጦ፣ ይሉኝታውን አሸንፎ ስልክ የሚያነሣበት አቅም የለውም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ማታ አንዲት ጎረቤታችን ጋቢና ምሳ ዕቃ ይዘው መጡ። «በል አንተ ቤትህ ሂድ፤ ዛሬ የማድረው እኔ ነኝ። መድኃኒቷን በስንት ሰዓት እንደምትወስድ ብቻ ንገረኝ» አሉኝ። ልግደረደር ስል ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል።

አስታማሚ በየሆስፒታሉ የሚሠራውን የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ካርድ ክፍል ይሰለፋል፣ ናሙና ላብራቶሪ ያደርሳል፣ ፋርማሲው «የለም» ያለውን መድኃኒት ከውጭ አፈላልጎ ይገዛል፣ ሕመምተኛውን ያጥባል፣ ያገላብጣል፤ ሲመሽ ወለል ላይ ካርቶን ያነጥፋል ወይም ወንበር ላይ ተጣጥፎ ያነጋል። ከክፍለ ሀገር የመጣውማ የሚተካው ዘመድ እንኳ በቅርብ የለውም። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ስለነበር ስንቱ አገሩንና እርሻውን ትቶ ወረፋ ሲጠብቅ ከርሟል። ተስፋ አዲስ የተባለው ድርጅት ከሩቅ የሚመጡ የካንሰር ሕሙማን ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር ያሳርፋል፤ የመሠረቱትም ልጆቻቸው በካንሰር የታመሙባቸው ወላጆች ናቸው።

ለሞት ጊዜ ግን በእድራችን እንዴት ያለ ሥርዓት አለን! ጡሩምባ ሲነፋ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ለቅሶ ቤት የሚያድር አይታጣም። የቀረ ይቀጣል። ሐዘንተኛን «ድንኳን ካስፈለገህ ደውል» የሚለው ሰው የለም።

እድር ለታመመም እንዲደርስ ሊለወጥ አይችልም የሚለኝ ካለ፣ 1990ዎቹን ያስታውስ። ኤድስ በየሰፈሩ ቀብር ሲያበዛ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመሙ አባላትንና ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ዛሬ የብዙ ቤተሰብን የሕክምና ወጪ ያቃልላል። ሌሊቱን የሚሸፍን መድን ግን የለም፤ እሱን የሚሸፍነው ሰው ነው።

ስለዚህ ለእድራችን አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፦ አባል ሆስፒታል ሲተኛ ጡሩምባ ሳይጠበቅ የአዳር ተራ ይውጣ። ከካዝናው ብር አይወጣም። «ሴት ታማሚ ዘንድ ወንድ እንዴት ያድራል? በሥራ ቀን ማን ይችላል?» ያሉኝ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሴቶቹና የወንዶቹ ተራ ለየብቻ ይሁን፣ የማይችል ደግሞ ቀን ላይ ወረፋ ይያዝ፣ መድኃኒት ይግዛ ብያለሁ። ጸሐፊው ለሚቀጥለው ወር አጀንዳ ይዞልኛል።

ጎረቤታችንም ስብሰባው ላይ ተገኝተው እንዲናገሩ ለመንኳቸው። ባለቤታቸውን ከመቅበራቸው በፊት አራት ወር ሆስፒታል እንዳስታመሙ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ድንኳን ከተከሉት አንዱ እኔ ነኝ። «በእነዚያ አራት ወራት ማን ተካዎት?» አልኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ዝም አሉ።