ባዶ የዋለ የጥርስ ወንበር ሒሳቡ የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘቡን በጥርስ ክሊኒክ ላይ ለማዋል ያሰበ ባለሀብት በቅድሚያ የሚጠይቀው የዕቃ ዋጋ ነው። ወንበሩ፣ ኮምፕሬሰሩ፣ የራጅ መሣሪያውና አውቶክሌቩ ስንት ያወጣሉ? ከዚያ ቤት ይከራያል፣ ሐኪም ይቀጠራል፣ ማስታወቂያ ይሰቀላል። ወንበሩ በቀን ስንት ሰዓት ሥራ ላይ እንደሚውል ግን ብዙውን ጊዜ ጠያቂ የለውም።

የክሊኒኩ ሸቀጥ ሰዓት ነው፤ ሰዓት ደግሞ መጋዘን አይገባም። የመርካቶ ነጋዴ ዛሬ ያልተሸጠለትን ጣቃ ነገ ይሸጠዋል። ባዶውን ያለፈን የጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ የሚገዛ የለም። ለምሳሌ ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራትና የመሣሪያ እርጅና ተደምረው ለአንድ ወንበር በወር ብር 300,000 ያስወጣሉ እንበል። ወንበሩ 25 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ከሠራ አንዱ ሰዓት ብር 1,500 ያወጣል። ታካሚ የተቀመጠበት 120 ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ያው ሰዓት ብር 2,500 ገባ ማለት ነው። ማደንዘዣው፣ ጓንቱና መሙያው ገና አልተቆጠሩም። የጎረቤት ክሊኒክ ያወጣውን ዋጋ አይቶ የራሱን የሚተምን ባለቤት ልዩነቱን ከኪሱ እየከፈለ ነው፤ ያውም ሳያውቀው። ሁለተኛ ወንበር ለመግዛት ብድር የሚጠይቅማ አስቀድሞ የመጀመሪያውን ወንበር የቀጠሮ መዝገብ ቢገልጥ ይሻለዋል።

ቁሳቁሱም የራሱ ጣጣ አለው። አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያን ጊዜ በአሮጌ ደረሰኝ ሒሳብ ጥርስ ይሞላ የነበረ ክሊኒክ ያተረፈ መስሎት ካፒታሉን ነው የበላው። ነጋዴው ዕቃውን መልሶ በሚተካበት ዋጋ ማሰብን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ሐኪሙ ግን ብዙውን ጊዜ የሚማረው ከከሰረ በኋላ ነው። ዋጋ ይጨምራል ብሎ ማከማቸትም መፍትሔ አይሆንም። ኮምፖዚትና ማደንዘዣ የመጠቀሚያ ጊዜ አላቸው፤ ስኳር አይደሉም።

የባሰው ነገር ያለው ገንዘብ አሰባሰቡ ላይ ነው። የጥርስ ሥር ሕክምና ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አያልቅም። ታካሚው ሕመሙ ሲታገስለት የቀረውን ክፍያ ይዞ ይጠፋል። ክራውን ሲሆን ደግሞ ልኩ ተወስዶ ላብራቶሪ ተልኳል፤ ባለቤቱ መጣም ቀረም ላብራቶሪው ሒሳቡን ይጠይቃል። ልብስ ሰፊ እንኳ ቀብድ ሳይቀበል መቀስ አያነሳም። ክሊኒኩ ቢያንስ የላብራቶሪውን ወጪ የሚሸፍን ቅድሚያ ክፍያ ቢጠይቅ ምን ነውር አለው? «አስተያየት ይደረግልኝ» ለሚለው ደንበኛም ዋጋ የሚቀንሰው አንድ ሰው ይሁን፤ የተቀነሰውም ይጻፍ። ካሸሯ፣ ሐኪሙና ባለቤቱ እየተቀባበሉ ሲቀንሱ የወሩ መጨረሻ አያምርም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የተዘነጋችው ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ሠራተኛ ናት። በዋዜማው ደውላ ቀጠሮ የምታስታውስ፣ አንዱ ሲቀር አቅራቢያ ያለውን ሌላ ታካሚ የምትጠራ እርሷ ናት። ደመወዟ ግን ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ትንሽ ሲጨመርላት ሌላ ቦታ ትሄዳለች፣ የደንበኞቹን ጠባይ የሚያውቅም አብሯት ይሄዳል።

«ሕክምና ንግድ አይደለም» የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ጥርሱ ይነቀል ወይስ ይዳን የሚለውን ካሸሩ መወሰን እንደሌለበት እውነት ነው። ሐኪሙ በፐርሰንት የሚሠራ ከሆነ ግን ውሉ መጀመሪያውኑ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ድርሻው የሚታሰበው የላብራቶሪው ወጪ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህ አንድ መስመር ሳይጻፍ በመቅረቱ ብቻ የሚጣሉ ሸሪኮች አሉ።