ሻንጣ ፈታሹና የአባ እንጦንስ ሥዕሎች

ከጎርጎራ ዳርቻ አዲስ የተጠረበ የእንጨት መስቀል የገዛ መንገደኛ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቦሌ ላይ ቢፈተሽ አልቃወምም። ይፈተሽ! ግን ቅርሳችን የወጣው በመንገደኛ ሻንጣ ብቻ ነውን? በ1932 እ.ኤ.አ. የማርሴል ግሪዮል የዳካር-ጅቡቲ ጓድ የጎንደሩን አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ልጦ፣ በምትካቸው ቅጂ ለጥፎ ሄደ። ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ወሳጁም ተራ ሌባ አልነበረም፤ የፈረንሳይ ምክር ቤት በሕግ ያጸደቀው «ተመራማሪ» ነበር እንጂ።

እንዲህ ያለው ዘረፋ የሚጋለጠው በየደብሩ በሚያዝ መዝገብ ነው። የጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ብራናና መስቀል በፎቶግራፍና በልኬት ካልተመዘገበ፣ ፈታሹ የተሰረቀውን ከተገዛው በምን ይለየዋል? የቄሰ ገበዙን ቃል ይዞ ነውን? ባለሥልጣኑ እስቲ መዝገቡን ያሳየን።